ታጁ አል አይን እስኪደርስ

ልጆቼ፣ ኮሮና በገባበት ዓመት ሰኔ ላይ ከአቡ ዳቢ ወደ አል አይን ሰው አያልፍም ነበር። ሚስት እዚህ፣ ባል እዚያ ሆነው በስልክ ብቻ የሚተያዩ ስንት ነበሩ። እህት ባኒያስ ማዳሟ ቤት፣ ወንድም አል አይን ሱቅ ውስጥ፣ በመካከላቸው አሸዋና ፖሊስ። የሚያልፈው ጭነት ነበር። ጭነት ደግሞ ብቻውን አይሄድምና ሾፌሩም አብሮት ያልፋል። ይህቺን ልብ በሉልኝ፤ የዚያን ቀን ነገር ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

እኔ የምሠራው አቡ ዳቢ ወደብ፣ ሚና ዛይድ፣ አንድ መጋዘን በር ላይ ነው። ሰው ዘበኛ ይለኛል። አለቃችን፣ ሙዲሩ ግን፣ ግማሹን በቀልድ ግማሹን በቁም ነገር፣ «ስጋት ገምጋሚያችን» ይለኛል። ከባድ መኪና ከመውጣቱ በፊት ሾፌሩን አጠገቤ አስቀምጬ እጠይቀዋለሁ። እንቅልፍ አግኝተሃል ወይ? የት ልትቆም አስበሃል? ዛሬ እንደምትወጣ ማን ያውቃል? ስለ ጭነቱስ ለማን አወራህ? ከዚያ የተሳቢውን በር ማሸጊያ በእጄ ጎትቼ አያለሁ። ትምህርቴ ብዙ አይደለም። ይህን ሥራ ያስተማረኝ በልጅነቴ ከኮምቦልቻ አሰብ ረዳት ሆኜ ስመላለስበት የነበረው መንገድ ነው። እዚያ ጭነት የሚዘረፈው መኪና ሲሮጥ አልነበረም፤ ሲቆም ነበር። ስለዚህ ለሾፌሮቼ ሁሉ ሳልነግራቸው የማላሳልፋት አንዲት ነገር አለች። ሰው ሊኖር በማይገባው ቦታ ላይ ሰው ቆሞ ካየህ፣ እጁን ቢያወዛውዝም፣ ቢለምንህም አትቁም። እለፈውና ደውልልኝ።

በዚያ ሰሞን የምንጭነው ማስክና ጓንት፣ ለሆስፒታል የሚሆን የመተንፈሻ መሣሪያም ነበር። ያኔ ወርቅ ብትጭኑ እንዲያ የሚመኝ አታገኙም። ከሾፌሮቻችን ግማሾቹ ኳራንቲን ገብተዋል። የቀሩት ያለ እረፍት ይመላለሳሉ። እኔም ማሸጊያውን አንዴ አይቼ አላርፍም፤ ተመልሼ እንደገና እጎትተዋለሁ። በዚያ ዓመት እጄ ሥራ መፍታት አቅቶት ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን ጠዋት ረጀብ ደወለልኝ። ረጀብ አገር ቤት ያለ የታጁ ታላቅ ወንድም ነው። ታጁ ደግሞ ከሾፌሮቼ አንዱ ነው፤ የሀርቡ ልጅ፣ እንደ ልጄ የማየው። ረጀብ ሰላምታውን ሳይጨርስ ገብቶኛል፤ ሰው መርዶ ይዞ ሲደውል ስለ ጤናችሁ ደጋግሞ ይጠይቃል። እናታቸው ዘሂራ ሱብሂ ላይ አርፋለች። ለቀብር እየተሰናዱ ነው።

«አያ ያህያ፣ አደራህን» አለኝ። «በስልክ እንዳይሰማ። መሪ ጨብጦ እንዳይሰማ።»

እናንተ እዚህ የተወለዳችሁት፣ አንዲት መልእክት ቢልኩለት ምን አለበት ትሉ ይሆናል። አይፈረድባችሁም። እኛ ግን የእናት ሞት እንደዚያ አንናገርም። ሥጋ ዘመድ ይፈለጋል። ሰውየው ቤቱ ሳለ፣ በጠዋት፣ የሚይዙት እጆች አጠገቡ ተሰናድተው ነው የሚነገረው። ብቻውን የሰማ ሰው ራሱን ምን እንደሚያደርግ አይታወቅም።

ቁጭ ብዬ እንደ ጭነት ገመገምሁት። ታጁ አቡ ዳቢ ውስጥ ዘመድ የለውም። የሚኖርበት የሠራተኞች ካምፕ ደግሞ ተዘግቷል፤ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው መግባት ክልክል ነው። ያለው ዘመድ የእናቱ ታናሽ ወንድም ከማል ነው። እሱም አል አይን ባቃላ፣ ትንሽ ሱቅ ውስጥ ነው የሚሠራው። ታጁ የዚያን ቀን የተመደበው አል አይን ነበር። እዚሁ ብነግረው ጉዞው ይቀራል። ጉዞው ከቀረ ደግሞ ወደ አጎቱ የሚያሻግረው የለም፤ በብረት አልጋው ላይ፣ በተዘጋ በር ውስጥ ብቻውን ያለቅሳል። ሳልነግረው ብልከው ግን ያው መኪና አጎቱ ደጅ ያደርሰዋል። ከዚህና ከዚያ የቱ ይሻላል? እኔ ጥርት ብሎ አልታየኝም። ተነሥቼ ሙዲሩ ዘንድ ገባሁ።

ሙዲሩ ህንዳዊ ነው፤ ትንሽ ዐረብኛ፣ ትንሽ ህንድኛ እያደባለቅን እንግባባለን። ሁሉንም ነገርኩት። መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ። እሱም በዚያ ዓመት አገሩ ሄዶ ያላለቀሰለት ሟች ነበረው። ከዚያ እኔ ሾፌሮቹን እንደምጠይቀው ይጠይቀኝ ጀመር። ታጁ ጠርጥሯል ወይ? አልጠረጠረም አልኩት። ስልኩስ? እቀበለዋለሁ አልኩ።

«እስካላወቀ ድረስ ከሌላው ሾፌር አይለይም» አለኝ። «ካወቀ በኋላ ግን አንዲት ሜትር እንዳይነዳ። ለመሆኑ ስንት ሰው ያውቃል?»

እኔና ወንድሙ፣ አሁን የምደውልለት አጎቱም አልኩት።

የኔ ሞኝነት። የሀርቡ ሰው መርዶ በሦስት ሰው ልብ ውስጥ ተቀምጦ የሚያውቀው መቼ ነው? ገና ወደ በሩ ሳልመለስ ሰቢሃ፣ ባኒያስ ሰው ቤት የምትሠራው የአገራቸው ልጅ፣ እያለቀሰች የድምፅ መልእክት ልካልኛለች። እንዳትደውልለት ለምኜ፣ አስምዬ ዝም አሰኘኋት። ዞር ስል ደግሞ የፎርክሊፍት ነጂው ደበበ ፊቱ ጠቁሮ ቆሟል። ደበበ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ከታጁ ጋር ሲሰዳደቡ ካልዋሉ ቀኑ አይመሽላቸውም። ማን እንደነገረው እስከ ዛሬ አላውቅም።

ታጁ እየሳቀ መጣ። ደበበ ሌላ ጊዜ ቢሆን «የግመል ነጂ ልጅ፣ ዛሬም መንጃ ፈቃድ አልቀሙህም?» ብሎ ነበር የሚቀበለው። ያን ዕለት ሻይ ገዝቶ አመጣለት። ሻዩን ሰጥቶት ሲያበቃ የመኪናውን መስተዋት ይወለውልለት ጀመር። ይባስ ብሎ ምሳውን ከነዕቃው ጋቢና ውስጥ አኖረለት።

ታጁ ሻዩን ይዞ ቆሞ ቀረ።

«አያ፣ ይሄ ሰው ኮሮና ይዞታል» አለኝ። «ጤነኛ ደበበ ሻይ አይጋብዝም። አስመርምሩት።»

ደበበ መሬት መሬት እያየ ሄደ። እኔ በሆዴ ረገምኩት። ጭነት የሚወጣበትን ቀን ሌባ የሚያውቀው በእንዲህ ያለ ነገር ነው፤ በሩ ላይ ያለ ሰው ከወትሮው የተለየ ጠባይ ሲያሳይ። የኔንም ፊት አላየሁትም እንጂ ከሱ ይሻል ነበር ብዬ አልምልም።

ጥያቄዎቼን ጠየቅሁት። መለሰ። ማሸጊያውን ጎተትሁ። ከዚያ ታጁ ስልኩን አወጣ። እሱ እናቱን ሳይደውልላት፣ ዱዓዋን ሳይቀበል መኪና አያስነሣም። ዘንግቼው ነው እንዳልል፣ በየቀኑ አጠገቡ ቆሜ የምሰማው ነው። ደወለ። አይሠራም። እንደገና ደወለ።

ኔትወርክ ነው አልኩት። ሌላ ጊዜ እንዲህ ሆኖ አያውቅም፣ ለረጀብ ልደውል አለ። ያኔ እጄን ዘረጋሁና ከዛሬ ጀምሮ የግል ስልክ በሩ ላይ ይቀራል፣ የሙዲሩ ትእዛዝ ነው፣ የኩባንያው ስልክ ይበቃሃል አልኩት። ትንሽ አጉረመረመ፤ ስልኬንም ኳራንቲን ልታስገቡት ነው ወይ አለ። ከዚያ ሰጠኝ።

«እናቴ ከደወለች አንሣላት» አለኝ ጋቢና ውስጥ ሆኖ። «መንገድ ላይ ነው፣ ዱዓ አድርጊለት በላት።»

እሺ አልኩት። መኪናው ወጣ።

ልጆቼ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ሰዓት እንዴት እንዳሳለፍሁት ልነግራችሁ አልችልም። ሙዲሩ ክፍል ውስጥ ስክሪን አለ፤ መኪናው በላዩ ላይ እንደ ጉንዳን ነጥብ ሆኖ ይሄዳል። እቀመጣለሁ፣ እነሣለሁ፣ በሩ ድረስ ሄጄ እመለሳለሁ። የታጁ ስልክ ኪሴ ውስጥ አላርፍ አለ። ይነዝራል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ ይነዝራል። አውጥቼ አያለሁ፤ የማላውቀው ስም፣ የማውቀው ስም፣ ሰቢሃ እንኳ መሐላዋ አቅቷት አንዴ ደውላለች። እያንዳንዱ ጥሪ መንገድ ላይ ቢያገኘው ኖሮ ብዬ አስባለሁ። ነጥቧ ባኒያስን አለፈች። ከዚያ አሸዋው መጣ፤ ነጥቧ የምትሄድ አትመስልም።

ለከማል ደወልሁና ነገርኩት። ሰውየው አለቀሰ፤ እኅቱ ናት። አልቅሶ ሲወጣለት የሚያደርገውን አስረዳሁት። ልጁ አል አይን መጋዘን ገብቶ ጭነቱን ያራግፍ። ከዚያ ክፍልህ ውሰደው፣ እህል ይቅመስ፣ ውኃ ይጠጣ። ቀስ ብለህ ንገረው አልኩት። እሺ፣ እንዳልኸው አለኝ።

ከማልን ክፉ አትበሉብኝ። እሺ ያለው ከልቡ ነው። ስልኩን ከዘጋ በኋላ ግን ብቻውን መሸከም አቃተው። አል አይን ያሉ የአገር ሰዎችን ጠራ። እነሱም መርዶ በአንድ ሰው አይነገርም አሉት፤ ልክ ናቸው። መጋዘኑ ውስጥ ደግሞ የኛ ልጆች አሉ፣ አንዱ ሮጦ «አላህ ያጽናህ» ቢለውስ አሉ፤ ይህም ልክ ነው። እንግዲያው ከመግባቱ በፊት እንቀበለው ብለው ተነሡ። እያንዳንዷ ሐሳብ ለብቻዋ ስትታይ ጉድለት የላትም።

ከሰዓት በኋላ ታጁ በኩባንያው ስልክ ደወለ።

«አያ፣ ሰዎች አሉ» አለ ታጁ። ድምፁ ዝቅ ብሏል። አል አይን ሊገባ ሲል ካለችው የመኪና ማረፊያ ላይ ሁለት ትንንሽ መኪኖች ቆመዋል። ሰዎቹ ማስክ አጥልቀዋል። ተራርቀው፣ ዝም ብለው ቆመዋል። አንደኛው አስፋልቱ ጫፍ ድረስ መጥቶ ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሣ።

«አልቆምሁም» አለኝ፤ እንደ ጎበዝ ተማሪ። «እንዳልኸኝ አለፍኋቸው። አሁን ግን እየተከተሉኝ ነው። መብራት ያበሩብኛል።»

ወዲያው ገባኝ። ተራርቆ የሚቆም ሌባ የት አለ? ሙዲሩ ከወንበሩ ተነሥቶ ፖሊስ ሊጠራ ስልክ አንሥቷል። ነጥቧ ወደ መጋዘኑ የሚያስገባውን መንገድ አልፋ ትሄዳለች፤ ከቅድሙ ፈጥናለች። አል አይን ደግሞ አደባባይ የሚበዛባት ከተማ ናት። የተጫነ ተሳቢ በፍጥነት አደባባይ ከገባ ምን እንደሚሆን ሾፌር ያልሆነ ሰው እንኳ ያውቀዋል። ለከማል በራሴ ስልክ ደወልሁ፤ አያነሣም። እየነዳ ነዋ፣ ልጁን ሊደርስበት።

ለሙዲሩ በእጄ ምልክት ሰጠሁት፤ ለቀስተኞች ናቸው አልኩት። ስልኩን ቀስ ብሎ አኖረው።

ከዚያ ታጁን ፍጥነትህን ቀንስ አልኩት። እየተጠጉኝ እኮ ነው አለኝ። ሌቦች አይደሉም አልኩት። በምን አወቅህ አለኝ። በምን አወቅሁ ልበለው?

«የፊተኛው መኪና የከማል ነው።»

የሞተሩ ድምፅ ብቻ ይሰማኛል። መስተዋቱን እያየ መሆን አለበት።

«ከማል ሱቁን ትቶ እዚህ ምን ያደርጋል?» አለ።

ስክሪኑ ላይ ነጥቧን በጣቴ ተከተልሁ።

«አያ።»

«አቤት ልጄ።»

«ከማል ከጁምዓ በቀር ሱቅ አይዘጋም።»

«ታጁዬ፣ ቀኝህን ያዝ። ከአስፋልቱ ውጣና አቁም። የእጅ ፍሬን ሳብ። ከዚያ እነግርሃለሁ።»

ይህን ስለው እንደነገርኩት አውቃለሁ። ሌላ ምን ማለት ይቻል ነበር? ብዙ ዓመት ሰው አጽናንቻለሁ፣ ከብዙ መርዶ ነጋሪዎች ጋር በጠዋት ተነሥቼ ሄጃለሁ። እንዲህ ያለውን አላውቅም።

«እናቴ ናት?»

«መጀመሪያ አቁም።»

«ንገረኝና አቆማለሁ።»

«አቁምና እነግርሃለሁ። ወላሂ እነግርሃለሁ።»

ስክሪኑ ላይ ነጥቧ ወደ አደባባዩ እየቀረበች ነው። ሙዲሩ ትከሻዬን ይዞታል፤ መቼ እንደያዘኝ አላወቅሁም። ከዚያ በስልኩ ውስጥ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ፍሬቻ ነው። ልጄ፣ በዚያ ሰዓት እንኳ ፍሬቻ አሳየ። ቀጥሎ የፍሬኑ አየር ሲተነፍስ ሰማሁ። ነጥቧ ቆመች።

«ቆሜያለሁ» አለኝ።

እኔም ከተቀመጥሁበት ተነሣሁ፤ ተቀምጬ ልነግረው አልቻልሁም። እናትህ ዘሂራ ሱብሂ ላይ ወደ አኼራ ሄደች አልኩት። የቀረውን ቃል አላስታውሰውም። የጋቢናው በር ሲደበደብ ሰማሁ፤ ከማል ነው፣ ስሙን እየጠራ ክፈት ይለዋል። ታጁ አልከፈተም። ጭነት እያለ፣ ተከታይ እያለ በር አይከፈትም፤ እንዲህ ነዋ ያስተማርሁት። በሕፃን ድምፅ እኔኑ ጠየቀኝ።

«አያ፣ ልክፈት?»

«ክፈት ልጄ።»

በሩ ሲከፈት ሰማሁ። ከዚያ ለቅሶው መጣ። ስልኩ ጋቢናው ውስጥ ስለቀረ ከሩቅ ነበር የምሰማው፤ ጉድጓድ ውስጥ እንዳለ ውኃ። እኔም አልዘጋሁትም። ሙዲሩም ዝጋው አላለኝም።

ታጁ ከዚያ በኋላ አልነዳም። ከአል አይን ሌላ ሾፌር እስኪመጣ ድረስ ሰዎቹ በተሳቢው ጥላ ሥር ተቀምጠው ቆዩ። ሕጉን አልጣሱም፤ ተራርቀው፣ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው እጃቸውን ዘርግተው ነው ዱዓ ያደረጉት። ማስካቸው በእንባ ርሶ ፊታቸው ላይ ተለጥፎ ነበር አሉ። ከማል ብቻ ሕጉን አፍርሶ ልጁን አቅፎታል። ለዚያ ማን ይቀጣዋል? ጭነቱ ማሸጊያው ሳይነካ ገባ። በዚያ ቀን ግን ስለ ጭነቱ የጠየቀኝ የለም፤ ሙዲሩ እንኳ አልጠየቀኝም።

ጀንበር ስትጠልቅ ታጁ በአጎቱ ስልክ ደወለልኝ። ድምፁ ሻክሯል።

መቼ ነው ያወቅኸው አለኝ። ጠዋት አልኩት።

«ስደውልላት አጠገቤ ነበርህ።»

«ነበርሁ።»

ዘጋው።

በኋላ ብዙ ሰው ደግ አደረግህ ብሎኛል፤ አጎቱ ዘንድ አደረስኸው ብለውኛል። ረጀብም አላህ ይስጥህ ብሎኛል። እኔም አንዳንዴ እንደዚያ እላለሁ። ግን መኪናው ሲወጣ ያልኳትን እሺ የትም ላኖራት አልቻልሁም።

ታጁ ሐዘኑን አሳልፎ ወደ ሥራው ተመለሰ። ከስቷል። ሰላም አለኝ፤ በክርኑ ነው፣ ያኔ ሰላምታችን እንደዚያ ነበር። ደበበ የግመል ነጂ ልጅ ብሎ ሊጀምር አፉን ከፈተና ተወው፤ ታጁ ራሱ ነው «ተሳደብ እንጂ፣ ሻይህ ነው የሚያስፈራኝ» ያለው። ደበበም እፎይ ብሎ ተሳደበ።

ከዚያ ጥያቄዎቼን ልጠይቀው ስጠጋ ታጁ ቀደመኝ። ማስኩን ወደ ታች ሳብ አድርጎ ዓይኔን አየኝ።

«አያ፣ ቤት ሁሉ ደህና ነው?»

ደህና ነው አልኩት። ወዲያው አልሄደም። እኔ ማሸጊያ ጎትቼ እንደማየው ፊቴን አጥብቆ አየው። ከዚያ ስልኩን ሳልጠይቀው እጄ ላይ አኑሮ ወጣ።

እስከ ዛሬ እንዲሁ ነው። ሳይጠይቀኝ አይወጣም፤ እኔም ሳልመልስለት በሩን አልከፍትም። ሌሎቹ ሾፌሮችም ከሱ አይተው ይጠይቁኝ ጀምረዋል። ስለዚህ አሁን ጠዋት ጠዋት፣ ታጁ ከመምጣቱ በፊት፣ ለረጀብ እደውላለሁ። ቤት እንዴት ነው፣ ልጆቹ እንዴት ናቸው፣ የታመመ አለ ወይ እላለሁ። ረጀብ ይስቅብኛል፤ አያ ያህያ፣ የኛን ቤት ከኛ በላይ አወቅኸው ይለኛል።

ይሳቅ። እኔን የምትከብደኝ ስልኩ እየጠራ፣ ረጀብ እስኪያነሣው ያለችው ጊዜ ናት።